የፈንዲሻው አልጋ ልብስ

ባለፈው ሳምንት ምራቴ ሩት ከመናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ አንድ ፌስታል ሙሉ የዳንቴል ክር ገዝታ መጣች። ለሶፋዋ ልብስ ልትሠራ ነው። ስልኳን ትራስ ላይ አስደግፋ ቪዲዮ እያየች ትሞክራለች፣ ትፈታለች፣ ደግሞ ትሞክራለች። ያቃታት ፈንዲሻ የሚባለው አሠራር ነው። «እማዬ፣ እስቲ እርስዎ ያሳዩኝ፤ ይቺ ሴትዮ እጇ በጣም ይፈጥናል» አለችኝና ኪሮሹን ሰጠችኝ። ፌስታሉን ስከፍተው የአዲስ ክር ሽታ፣ ያ አሚዶና ካርቶን የተቀላቀለበት ሽታ፣ አፍንጫዬን መታኝ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ሆዱ ይባባል። እኔን በረደኝ።

ፈንዲሻ አስቸጋሪ አይደለም። አንዲት ዓይን ውስጥ አምስት ጊዜ ደጋግመሽ ትሠሪያለሽ፤ ከዚያ ኪሮሹን ታወጪና የመጀመሪያዋን ራስ ወግተሽ የመጨረሻዋን በእሷ ውስጥ ትጎትቻለሽ። አምስቱ እንደ ጡጫ ይሰበሰቡና ጨርቁ ላይ ጉብ ይላሉ፤ ልክ ብረት ምጣድ ላይ እንደ ፈነዳ በቆሎ። አራት ከሆኑ ትከሳለች፣ ስድስት ከሆኑ ትወፍራለች። ይህን እያስረዳኋት ሁለት ረድፍ ሠራሁላት። ሩት ግን ሥራውን ትታ እጄን ታያለች።

«እማዬ፣ እጅዎ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«እርጅና ነዋ» አልኳት።

ዋሸኋት። ቢላ ስይዝ እጄ አይንቀጠቀጥም። መርፌ ላይ ክር ሳስገባም አይንቀጠቀጥም። የሚንቀጠቀጠው ፈንዲሻ ላይ ነው፤ አምስተኛዋ ላይ ስደርስ።

ያን ጊዜ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሆሳዕና እንዲህ ባጃጅ የሚርመሰመስባት፣ ፎቅ ከፎቅ የሚተያይባት ከተማ አልነበረችም። ከገበያው ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ በክረምት ጭቃው ኮንጎ ጫማችንን ከእግራችን ነቅሎ ያስቀረዋል፤ በበጋ ደግሞ አቧራው ነጭ ካልሲያችንን ቡናማ ያደርገዋል። ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበት ሳብ አድርጎ ከጉርድ ቀሚስ ጋር መልበስ የዘመኑ ወግ ነበር። ወንዶቹ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ማበጠሪያ በኋላ ኪሳቸው ሰክተው ከባሕር ዛፎቹ ሥር ይቆማሉ። በቀበሌው ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ድምጽ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ የሰልፍ መዝሙር ይለቃል፤ ግጥሙን ሳንወድ በግድ በቃላችን ይዘነው ስለነበር ልብስ ስናጥብ ሳናስበው እናንጎራጉረዋለን። የዳንቴል ክር አንዱ ጥቅል ብር ከስሙኒ ነበር። ዛሬ ሩት የገዛችበትን ስትነግረኝ ያኔ በዚያ ገንዘብ በግ ይገዛ እንደነበር ልነግራት ፈልጌ ተውኩት። ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ይሰለቻሉ።

እኔና ሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ማርቆስ ከጊምቢቹ፣ ከአባታችን ቤት ወጥተን፣ ለትምህርት ብለን እማማ ዘይነባ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የእማማ ዘይነባ ባለቤት በአሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና እህልና ቆጮ እየጫኑ ከከተማ ከተማ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ክፍላችን ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሷ አቡጀዲ ነው። አቡጀዲው በኖራ የተቀባ ስለሆነ ነፋስ ሲመጣ እንደ ሆድ ይነፋና ነጭ ብናኝ ይረግፍብናል። በዚያች ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ብረት ድስት ነበረን። ደስተኞችም ነበርን፤ ዝርዝሩ እስኪለጠፍ ድረስ።

ዝርዝሩ የተለጠፈው በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ነው። ለውትድርና የሚሄዱ ወጣቶች ስም ነው። ከዚያ በፊት በገበያ ቀን መኪና እየመጣ ያገኘውን ያፍስ ነበር፤ አሁን ግን በስም ሆነ። የማርቆስ ስም ሦስተኛው መስመር ላይ አለ። ከእኛ መንደር ቀድመው ከሄዱት ከሁለቱ ልጆች ደብዳቤ መጥቶ አያውቅም፤ የአንደኛው እናት ማቅ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ማርቆስ ሰሌዳውን አንብቦ ሲመለስ ፊቱ እንደ ኮርኒሱ ነጥቶ ነበር። «አባባ ጋ ልሂድ» አለ። ጊምቢቹም ሰሌዳ ነበረ። እማማ ዘይነባ ናቸው ነገሩን የቆረጡት። ባላቸው ሁለት ሳንቃ አምጥተው ከአቡጀዲው በላይ፣ በጣሪያው ወራጆች ላይ አጋደሙ። ማርቆስ ጠዋት ጠዋት በማዕዘኑ በኩል ይወጣል፤ እኔ አቡጀዲውን በሚስማር መልሼ እመታለሁ። በሩን ከውጭ ቆልፌ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ጊምቢቹ አባታችን ጋ ነው» እላለሁ። ጊምቢቹ ለጠየቁት ደግሞ አባቴ «ሆሳዕና ነው» ይላል።

ማርቆስ ሳል ነበረበት። ቆርቆሮው ሥር ቀን ያቃጥላል፣ ሲመሽ ይቀዘቅዛል፣ ኖራው ጉሮሮው ውስጥ ይገባል። ሲያስለው እማማ ዘይነባ በረንዳቸው ላይ ሙቀጫቸውን ይዘው በርበሬ መውቀጥ ይጀምራሉ። በርበሬ ባይኖርም ባዶውን ይወቅጣሉ። ጎረቤቶች «ዘይነባ ዘንድሮ ስንት ድግስ አለብሽ?» ይሏቸው ነበር። ዛሬም የሙቀጫ ድምጽ ስሰማ ቆሜ ጆሮዬን አቀናለሁ፤ ከድምጹ በታች ሳል አለ ወይ ብዬ።

በዚህ መካከል አንድ ቀን ከሰዓት የቀበሌው ጥበቃ በራችን ላይ ቆሞ «ሊቀመንበሩ ቤት ትፈለጊያለሽ» አለኝ። ለምን አላለም። ከግቢያችን እስከ ሊቀመንበሩ ቤት ያለው መንገድ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ አጥር ይዤ ቆምኩ። በልቤ እየጸለይኩ ነበር። ጸሎት ቤታችን በዚያ ጊዜ ታሽጎ ስለነበር በልብ መጸለይ ለምደናል፤ ከንፈር እንኳ አይንቀሳቀስም።

የተቀበሉኝ የሊቀመንበሩ ሚስት እትዬ በላይነሽ ነበሩ። ከሌላ አገር የመጡ፣ ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ናቸው። በእጃቸው አንድ የትራስ ልብስ ይዘዋል። አወቅኩት፤ በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ትርኢት ላይ ያቀረብኩት የእኔ ፈንዲሻ ነው።

«አንቺ ነሽ ይህን የሠራሽው?»

«አዎ እትዬ።»

«የአልጋ ልብስ ትሠሪልኛለሽ። ሙሉው እንዲህ ጉብ ጉብ ያለ። ለእህቴ ሠርግ ነው። በየቀኑ ከሰዓት እዚህ እየመጣሽ፤ ክሩ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

እምቢ አይባልም። እንዲያውም ተይዣለሁ ብዬ መጥቼ ስለነበር ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ እስክል ድረስ ብቻ ነበር። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሊቀመንበሩ ይመጣል። ሽጉጡን ከወገቡ ይፈታና ቡፌው ላይ፣ በንጹሕ ዳንቴል ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ሻይ እየጠጣ የማን ልጅ እንደተገኘ፣ የት እንደተገኘ ለሚስቱ ያወራል። አንዱ ጎተራ ውስጥ፣ ሌላው እናቱ ቀሚስ አልብሳው ገበያ መካከል። እያወራ ይስቃል። ክፉ መልክ አልነበረውም፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። የደከመው፣ ከበላዩ ያሉትን የሚፈራ ሰው መልክ ነበረው። አንድ ቀን በመሃል ዞር ብሎ «አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ ከጊምቢቹ አልተመለሰም?» አለኝ።

«አልተመለሰም፣ ጓድ።»

«ምን ያደርጋል እዚያ?»

«አባታችንን እንሰት ይተክላል።»

የመለስኩት በሰባራ አማርኛዬ ነው፤ በቤት በሀዲይኛ የምናወራ ልጆች ስንፈራ አማርኛው ጭራሽ ይጠፋብናል። እጄ ግን መሥራቱን አላቆመም። ቢያቆም የሚታወቅብኝ መሰለኝ።

ማታ ከመሄዴ በፊት እትዬ በላይነሽ ሥራውን ይረከባሉ። አያዩትም። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በመዳፋቸው ይዳብሱታል። የዚያን ቀን መዳፋቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይቺ ወፍራለች።»

ቆጠርኳት። ሰባት ነበረች።

«ፍቺው» አሉኝ። ከዚያች በኋላ የሠራሁትን ሁሉ፣ ሁለት ረድፍ፣ ፈታሁ። በማግስቱ ሊቀመንበሩ እንደገና ስለ ወንድሜ ጠየቀ፤ እትዬም ማታ በመዳፋቸው ሌላ ወፍራም አገኙ። ሦስተኛ ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ባላቸው ሲወጣ ጠብቀው፣ ሥራውን እንደያዙ፣ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ «ይቺን የሠራሻት ጓዱ ስለ ወንድምሽ ሲጠይቅሽ ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

መልስ አልጠበቁም። ተነሥተው ጸጉሬን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ጣቶቻቸውን አዩ። ነጭ ነበሩ። «ኖራ ነው» አሉ። ከቁም ሳጥናቸው አንድ ሰማያዊ ናይለን ሻርፕ አውጥተው ሰጡኝ። «ከነገ ጀምሮ ራስሽን ሸፍነሽ ነይ። አሁን ፍቺው።»

የዚያን ዕለት እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላስታውስም። ማርቆስን ከላይ አወረድኩት፤ ቀዝቃዛ ቆጮ መብላት ጀመረ። ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አውቃለች ማለት ነው» አለ።

«አላውቅም።»

«ታውቃለች። ለባሏ ብትነግር አንቺንም፣ እማማ ዘይነባንም ይወስዷችኋል። ነገ ራሴ ሄጄ እጄን እሰጣለሁ።»

«የዚያችን እናት ማቅ አላየህም?» ብዬ ጮህኩበት። ሁለታችንም ደነገጥን። በዚያ ቤት ውስጥ ከወራት በኋላ ከፍ ብሎ የተሰማ የመጀመሪያው ድምጽ ነበር። ከውጭ ሙቀጫው ተጀመረ።

ማርቆስ እጁን አልሰጠም፤ እኔም መሄዴን አላቆምኩም። መቅረት መናዘዝ መሰለኝ። ሰማያዊውን ሻርፕ አስሬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ስለ ወንድሜ ቃል አልተነፈሱም። ነገር ግን ማስፈታታቸው ባሰ። ልክ የሆነውንም፣ አምስት አምስቱንም፣ «ላላ»፣ «ጠበቀ»፣ «ወደ ጎን ሄደ» እያሉ ያስፈቱኛል። የምሠራው በየቀኑ ከምፈታው ብዙም አይበልጥም። የሚጫወቱባት አይጥ አድርገውኛል ብዬ አሰብኩ። እስኪሰለቻቸው እያስፈሩኝ፣ አንድ ቀን ለባላቸው ሊነግሩ። ጠላኋቸው። በሕይወቴ ያን ያህል የፈራሁትንም፣ ያን ያህል የጠላሁትንም ሰው አላስታውስም።

ያ ቀን መጣ። ከሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ነበረች። ሊቀመንበሩ ከሁለት ጥበቃዎች ጋር ገባ። ሽጉጡን አልፈታም። «ከላይ ታዘናል። የጎደሉን ልጆች ዛሬ መሟላት አለባቸው» አላቸው ለሚስቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጊምቢቹ ጠይቀን ነበር። ወንድምሽ እዚያ የለም። ተነሺ፣ ቤትሽን ትከፍቺልናለሽ።»

ኪሮሹ ከእጄ ወደቀ። ልነሣ ስል እትዬ በላይነሽ ትከሻዬን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ። የጣቶቻቸው ጥፍር ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

«የትም አትሄድም» አሉ። «ሠርጉ ደርሷል፣ ይቺ ገና ግማሹን አልሠራችም።»

«በላይነሽ፣ ሥራ ነው የምልሽ።»

«እኔም ሥራ ነው የምልህ። ደግሞ ምን ልትፈትሽ ነው? ክሬን እየሰረቀችኝ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት እሷ ትምህርት ቤት ሳለች ሄጄ ዘይነባን አስከፍቼ ቤቷን አገላብጬዋለሁ። አንድ አልጋና ሁለት ድስት ነው ያላት።»

«አንቺ ራስሽ?»

«እኔ ራሴ። አልጋ ሥርም፣ ኮርኒሱንም ሳይቀር። ክሬን እዚያ ደብቃው አገኘሁ። ሌላ ምንም የለም።»

ሊቀመንበሩ ሚስቱን አያቸው፤ ረጅም ጊዜ አያቸው። እሳቸውም አዩት። ማመኑን ወይም አለማመኑን እስከ ዛሬ አላውቅም። ጥበቃዎቹ ግን እኔን ነበር የሚያዩት፣ ሌባ እንደሚታይ። «ከሚቀጥለው ግቢ ጀምሩ» አላቸውና ወጣ። ከጥበቃዎቹ አንዱ በመንገዱ እማማ ዘይነባን «የሊቀመንበሩ ሚስት ጠዋት መጥተው ነበር?» ብሎ እንደጠየቃቸው ኋላ ሰማሁ። ማንም ምንም ያልነገራቸው ሴት «አዎ መጥታለች፣ ቤቱን አተራምሳው ሄደች» አሉት። «እንዴት አወቁ?» ብዬ ስጠይቃቸው «እንዴት ላውቅ? ጥበቃው ሲጠይቀኝ ፊቱ ላይ አየሁት» አሉኝ።

ሳሎኑ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንቀር እትዬ በላይነሽ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «በዚህ ቤት እየተመላለስሽ የምትሠሪ ከሆነ ቤትሽን ቶሎ አያንኳኳም ብዬ ነበር» አሉ። «ለዚህ ነው ሥራው እንዳያልቅ ሳስፈታሽ የከረምኩት። ከዚህ በኋላ ግን አልችልም። እስከ ነገ ወዲያ አውጪው።»

ማመስገን ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው «እሺ» ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ የእማማ ዘይነባ ባለቤት ኤንትሬያቸውን ቆጮ ጭነው ወደ ዶዮገና ወጡ፤ ማርቆስ ከቆጮው እስር ሥር ነበር። እዚያ ደጋው ላይ የእናታችን ዘመዶች ተቀበሉት። ሳሉ በንጹሕ አየር ዳነ፣ ድንች እያረሰ ዘመኑ እስኪያልፍ ቆየ። አልጋ ልብሱን በሳምንት ጨረስኩት። እኔ በሰፈሩ ውስጥ «የክር ሌባ» ሆኜ ቀረሁ። የትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ መምህርት ቁም ሳጥኑን ስትቆልፍ ዓይኔ እያየ ሁለት ጊዜ ትቆልፈው ነበር። ለማንም አላስተባበልኩም። እንዴት አስተባብላለሁ?

ከዚያ ያ መንግሥት ወደቀ። ሊቀመንበሩን ወሰዱት። በዚያው ሳምንት እትዬ በላይነሽ አገራቸው ሊገቡ መናኸሪያ መጡ የሚል ወሬ ተሰማ፤ ሰው ሁሉ ሊያያቸው ወጣ። እኔም ሄድኩ። ልሰናበታቸው ነበር የሄድኩት። በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ለዚያ ነው። ሁለት ፌስታልና አንድ የታሰረ ጓዝ ይዘው ከአውቶቡሱ አጠገብ ቆመዋል። ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው እናቶች ከበዋቸዋል። አንዷ ትተፋለች፣ አንዷ ነጠላቸውን ትጎትታለች። ማቅ ለብሳ ያየኋት ሴትም ነበረች። ያቺን ሴት ሳይ እግሬ ቆመ። አንድ ቃል ብናገር፣ «እኒህ ሴት ወንድሜን አትርፈዋል» ብል፣ ስንት ሰው ይሰማኝ ነበር። እሷ ፊት ግን እንዴት ብዬ? የእኔ ተርፎ የእሷ ሲቀር?

ከሕዝቡ መካከል አንድ ጎረምሳ አየኝና «ይቺም የእነሱ ሰው ናት! በየቀኑ ቤታቸው ትገባ ነበር!» ብሎ ጮኸ። ፊቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንዲት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። እትዬ በላይነሽ ከዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ቀና ብለው አዩኝ።

«እሷ?» አሉ ጮክ ብለው። «እሷማ ሌባ ናት። ክሬን ሰርቃ ያባረርኳት ናት።»

ሕዝቡ ሳቀ። «አበጀሽ! እንኳን ሰረቅሻት!» ብሎ ጎረምሳው ጀርባዬን መታኝ። ክንዴ ተለቀቀ። እትዬ በላይነሽ አውቶቡሱ ላይ ወጡ፤ በመስኮቱ በኩል ወደ እኔ አላዩም። ሆን ብለው እንዳላዩ አውቃለሁ። እኔም ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ነበር። ስቄም ይሆናል፤ ከንፈሬ ምን እንዳደረገ አላስታውስም።

ማርቆስ ከዶዮገና የተመለሰው ከወር በኋላ ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እሳቸው ነበር።

«ተሰናበትሻት?»

«አዎ» አልኩት።

«ምን አለችሽ?»

«‹ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ፣ እንኳን ተረፈ› አለችኝ።»

አለቀሰ። ዛሬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ዱራሜ ይኖራል፣ የልጅ ልጆች አሉት። በየበዓሉ ሲሰበሰቡ ስለዚያ ኮርኒስ ይነግራቸዋል። ሲጨርስ ሁልጊዜ ድምጹን ዝቅ አድርጎ «ስትሄድ እንኳ እኔን አልረሳችም፤ ‹እንኳን ተረፈ› ብላ ነው የሄደችው» ይላቸዋል። እኔ ሳህን አነሣለሁ፣ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ሩት ሶፋ ልብሷን እየሠራች ይህን ሁሉ ጻፍኩት። ማርቆስ የምጽፈውን ሁሉ ያነባል፣ የፊደል ግድፈት ሳይቀር ያርምልኛል። እሑድ ይመጣል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ አላነሣውም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ አንሥቼ መልሼዋለሁ።